ከባትሪው ወዲህና ወዲያ

ውድ አንባቢ ሆይ፣ በስደት ዓለም ከምንኖረው መካከል የሌሊት ጥበቃ ሥራ ያልነካው ቤተሰብ ቢቆጠር ጥቂት ይመስለኛል። አንዱ የመኪና ማቆሚያ ጠባቂ፣ ሌላው የሕንፃ ዘበኛ፣ ሦስተኛው የሆቴል የሌሊት ተረኛ ሆኖ ኑሮን ጀምሯል። እኔም ከእነዚሁ አንዱ ነኝ። ስለዚህ ዛሬ የማነሣው ጥያቄ ከመጽሐፍ ያገኘሁት አይደለም፤ ከወገቤ ላይ ከሚንጠለጠለው የእጅ ባትሪ የመጣ ነው። ጥያቄውም ይህ ነው፦ በጨለማ ቤት ውስጥ ብርሃን የያዘ ሰው፣ ብርሃኑ ላረፈበት ሰው ምን ዕዳ አለበት?

ነገሩ ቀላል ይመስላል። «ሌባ ከሆነ ምን ዕዳ አለ? ሌባ ካልሆነም ይቅርታ ጠይቆ ማለፍ ነው» የሚል አይጠፋም። እኔም ለብዙ ዓመታት እንዲሁ አስብ ነበር። ሐሳቤን የለወጡት ሁለት ሌሊቶች ናቸው። ወደነሱ ከመድረሴ በፊት ግን ለማያውቀው አንባቢ ስለ ሥራው ጥቂት ልበል፤ ሥራውን ሳያውቁ ስለ ሥራው ግብረገብ መናገር ባዶ ስብከት ይሆናልና።

ከዚህ ሥራ ውጭ ያለ ሰው ባትሪ ለማየት ብቻ የሚያገለግል ይመስለዋል። በሥልጠና ላይ በመጀመሪያ የሚነገረን ግን ባትሪ የያዘ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ራሱ የሚታይ መሆኑን ነው። የሰው ዓይን ከደማቅ ብርሃን ወጥቶ ጨለማን በሚገባ እስኪለምድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈጅበታል። በዚህ ሁሉ ጊዜ የተገኘውን ችሎታ አንዲት ብልጭታ በቅጽበት ታጠፋዋለች። ስለዚህ ጨለማ ክፍል የሚፈትሽ ሰው በሩ ላይ ደርሶ ወዲያው አይገባም፤ ከጎን ቆሞ ያዳምጣል። ከኋላው የኮሪደር መብራት ካለ በበሩ መሐል አይቆምም፤ ጥላው በውስጥ ላለው ሰው ቁልጭ ብሎ ይታያልና። ባትሪውን ከደረቱ ፊት ለፊት አይይዝም፤ ክንዱን ዘርግቶ ከሰውነቱ ያርቀዋል። ሊመታ የሚፈልግ ሰው የሚያነጣጥረው ብርሃኑን ነውና። ለአንድ ወይም ለሁለት ሰከንድ ያበራል፣ ያጠፋል፣ ከቆመበት ሁለት ሦስት እርምጃ ተራምዶ እንደገና ያበራል። በመስታወትና በቅርብ ባለ ነጭ ግድግዳ ላይ አያበራም፤ ተመልሶ የሚያሳውረው ራሱን ነው። ሰፊ አዳራሽ ከሆነ ብርሃኑን ወደ ጣሪያው ቢያዞረው ክፍሉ በሙሉ ይገለጥለታል። ጓደኛው ከፊቱ የሚሄድ ከሆነም በጀርባው ላይ አያበራም፤ ወደፊት ለተደበቀው ሰው አሳልፎ መስጠት ይሆናልና።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ትምህርት ደግሞ አለመግባት ነው። መሣሪያ የሌለው ጠባቂ በሩ ተሰብሮ ካገኘ ከውጭ ሆኖ ለፖሊስ መደወልና መጠበቅ አለበት። ከሕንፃ ውስጥ የሚሰረቅ ዕቃ ሁሉ ይተካል፤ የዘበኛው ልጆች አባት ግን አይተካም።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ስመለከት አንድ ነገር ይገርመኛል። ዘዴው ሁሉ የተሠራው ሌላውን ለማየት ብቻ አይደለም፤ እያዩ ላለመታየት ነው። በደማቅ ባትሪ ፊት የቆመ ሰው የሚያየው አንድ ነጭ ክብ ብቻ ነው። ከክቡ ጀርባ ያለው ሰው ጥቁር ይሁን ነጭ፣ ሽማግሌ ይሁን ወጣት፣ ይፍራ ወይም ይሳቅ አያውቅም። ባትሪ የያዘው ግን የተያዘውን ሰው የዐይኑን ሽፋሽፍት ሳይቀር ይቆጥራል።

ፕላቶ «ሪፐብሊክ» በተባለው ድርሰቱ ሁለተኛ መጽሐፍ ውስጥ የልድያ እረኛ ስላገኘው ቀለበት ያወሳል። እረኛው የቀለበቱን ፈርጥ ወደ መዳፉ ሲያዞረው ከሰው ዓይን ይሰወራል። በዚህም ኃይል ወደ ቤተ መንግሥት ገብቶ ንግሥቲቱን አሳተ፣ ንጉሡን ገደለ፣ ዙፋኑንም ወረሰ። ጥያቄው የሚከተለው ነው፦ ማንም የማያየው ሰው ጻድቅ ሆኖ ለመኖር ምን ምክንያት አለው? ፈላስፎች በዚህ ጥያቄ ላይ ከሁለት ሺህ ዓመታት በላይ ተከራክረዋል። ቀለበቱ ተረት ነው። ባትሪው ግን ተረት አይደለም፤ ከየመደብሩ በጥቂት ዶላር ይገዛል፣ ለጥቂት ሰከንዶችም ቢሆን ያንኑ ሥራ ይሠራል።

አሁን ወደ መጀመሪያው ሌሊት ልመልስህ። በ1969 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ የቤት ለቤት አሰሳ በሚካሄድበት ወቅት የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ያን ጊዜ ያየ ያውቀዋል፤ ላላየው ልጅህ አንተ ንገረው። ሌሊት በሩ ተደበደበ፣ «ክፈቱ!» ተባለ፣ እናቴ ነጠላዋን እየሳበች ከፈተች። ቤታችን ውስጥ የነበረችው አንዲት ኩራዝ በነፋሱ ጠፋች። ከዚያ በኋላ ያየሁት የባትሪ ብርሃን ብቻ ነው። በግድግዳው ላይ ሄደ፣ በአልጋው ሥር ገባ፣ በታላቅ ወንድሜ ደብተሮች ላይ ቆመ፣ በመጨረሻም በእናቴ ፊት ላይ አረፈ። «ሌላ መጽሐፍ የለም?» የሚል ድምፅ ከብርሃኑ ጀርባ ተሰማ።

ድምፁን አወቅሁት። ጎረቤታችን ነበር። በዓመት በዓል ከቤታችን ዳቦ የሚቆርስ፣ እናቴ ታማ በተኛች ጊዜ ሐኪም ቤት ያደረሳት ሰው ነበር። እናቴም አውቃዋለች፤ ግን በስሙ አልጠራችውም። በዚያ ሌሊት ከቤታችን ማንም ሳይወሰድ ቀረ። ሰዎቹ ከወጡ በኋላ እናቴ ጠጋ ብላ «እንዳልሰማህ ሁን» አለችኝ። በማግሥቱ ያ ሰው በበራችን ሲያልፍ «እንደምን አደራችሁ?» አለ። እናቴም «እግዚአብሔር ይመስገን» ብላ መለሰችለት። እኔ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ እስከ ዛሬ አንድ ጥያቄ አልለቀቀኝም፦ ያ ሰው ኩራዝ ይዞ ቢመጣ ኖሮ ያንን ሥራ ይሠራው ነበር ወይ?

ኩራዝ ያልኩት በከንቱ አይደለም። ኩራዝና ፋኖስ ከባትሪ የሚለዩበት አንድ ትልቅ ነገር አለ። ኩራዝ የያዘ ሰው ሌላውን ለማየት ሲል የራሱን ፊት ያበራል። ባላገሩ ሌሊት ድምፅ ሰምቶ በአንድ እጁ ዱላ በሌላው ኩራዝ ይዞ ሲወጣ፣ በደጅ የቆመውን እንደሚያየው ሁሉ በደጅ የቆመውም እሱን ያየዋል። «ማነህ?» ይላል። «የመሸበት እንግዳ ነኝ» የሚል መልስ ካገኘ «ቤት የእግዚአብሔር ነው፣ ግባ» ይላል። ዱላውም ለክፉ ቀን ተመልሶ ከጥግ ይቆማል። በዚያ ብርሃን ውስጥ ሁለት ፊቶች አሉ። በባትሪ ብርሃን ውስጥ ግን ያለው አንድ ፊት ብቻ ነው።

ይህን ልዩነት ጉልበተኞች ከጥንት ጀምሮ ያውቁታል። በኒው ዮርክ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1712 ባሮች ካመፁ በኋላ፣ በ1713 የከተማው ምክር ቤት አንድ ደንብ አወጣ። ዕድሜው ከ14 ዓመት በላይ የሆነ ጥቁር ወይም ሕንዳዊ ባሪያ፣ ጌታው አብሮት ከሌለ፣ ከመሸ በኋላ የበራ ፋኖስ ወይም ሻማ ሳይዝ በመንገድ እንዳይገኝ የሚከለክል ደንብ ነው። ፋኖሱ መንገዱን እንዲያይበት የታሰበ አልነበረም፤ እሱ ራሱ እንዲታይ ነበር። በዚያችው ከተማ ዴቪድ ሚዜል የተባለ እንግሊዛዊ የፈጠረው የእጅ ባትሪ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 10 ቀን 1899 የፈጠራ መብት ሲያገኝ፣ ባለ ኩባንያው ከመጀመሪያዎቹ ባትሪዎች ጥቂቱን የሰጠው ለከተማው ፖሊሶች ነበር። የዚያን ጊዜ ድንጋዩም አምፖሉም ደካማ ስለነበር ለረጅም ጊዜ አያበራም፤ ብልጭ አድርጎ ማሳረፍ ግድ ነበር። በእንግሊዝኛ «ፍላሽ ላይት» የተባለውም በዚሁ ብልጭታው የተነሣ ነው። ሁለቱን ታሪኮች ጎን ለጎን አስቀምጣቸው። ባሪያው ያዢውን የሚገልጠውን ብርሃን እንዲይዝ ተገደደ፤ ሕግ አስከባሪው ያዢውን የሚሰውረው ተሰጠው።

ይህን የምለው ፖሊስን ለመክሰስ አይደለም። ሕጉም የራሱ መልስ አለው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1983 ከቴክሳስ በመጣለት ጉዳይ፣ ፖሊስ በሌሊት ባስቆመው መኪና ውስጥ ባትሪ ማብራቱ ብቻ ሕገ መንግሥቱን እንደማይጥስ ወስኗል። በቀን ቢሆን ማንም መንገደኛ በመስኮት ሊያይ የሚችለውን ነገር በሌሊት በባትሪ ማየት አዲስ ነገር አይደለም ማለት ነው። ይህ ምክንያት ለሕግ ይበቃ ይሆናል። ሕግ የሚጠይቀው ምን ማየት እንደሚፈቀድ ነው። መንገደኛው ግን በቀን በመስኮት ሲያይ ፊቱ ይታያል፤ ያፈጠጠ እንደሆነም ያፍራል። በባትሪ ጀርባ የሚያፈጥ ሰው የሚያፍርበት ፊት የለውም። ሕግ የማይጠይቀውን ይህን ነው እኔ የምጠይቀው።

አሁን ሁለተኛው ሌሊት። እዚህ አገር ነው፤ ጥቂት ዓመታት ሆኖታል። የበጋ ማዕበል መጥቶ የሰፈሩ መብራት ጠፋ። የምጠብቀው ሕንፃ የአደጋ ጊዜ መብራቱም ብዙ ሳይቆይ ደከመ። ሰባተኛ ፎቅ ላይ የበር ድምፅ ሰማሁ። ደንቡ ደውልና ጠብቅ ይላል፤ እኔ ግን ደፍሬ ወጣሁ። በኮሪደሩ ጫፍ ካለችው የወረቀት ማባዣ ክፍል ኮሽታ ሰማሁ። ከጎን ቆሜ አዳመጥሁ፣ ክንዴን ዘረጋሁ፣ አበራሁ።

አንድ ሰው ሁለት እጆቹን ወደ ላይ ዘርግቶ ቆሟል። «እጅ ወደ ላይ» ያለው የለም። አሳንሰሩ ቆሞበት፣ በጨለማ ደረጃ መውረድ ፈርቶ፣ መብራት እስኪመጣ ተቀምጦ የሚጠብቅ የጽዳት ሠራተኛ ነበር። ከኤል ሳልቫዶር የመጣ፣ በዕድሜ ከእኔ የሚበልጥ፣ ማታ ማታ «ብዌናስ ኖቼስ» እያለ በስሜ ጠርቶ ሰላም የሚለኝ ሰው ነው። እኔ ገና ብርሃኑ እንዳረፈበት አወቅሁት። እሱ ግን እኔን ሊያውቀኝ አልቻለም፤ ነጭ ክብ ነኝና።

ውድ አንባቢ፣ የዚህ ጽሑፍ ምክንያት ከዚህ በኋላ ያሉት ሰከንዶች ናቸው። ማን እንደሆነ አውቄ ብርሃኑን አላወረድኩም። አሥር ሰከንድ ያህል ይሆናል። ፈርቼ ነው እንዳልል ፍርሃቴ ሰውየውን ባወቅሁ ጊዜ ለቆኛል። ደንግጬ ነው እንዳልል እጄ አልተንቀጠቀጠም። እውነቱን ልናገርና፣ ደስ ብሎኝ ነው። ቀኑን ሙሉ «ይህን አድርግ፣ ያንን አታድርግ» ሲባል የሚውል ሰው፣ አንድ ቃል ሳይናገር ሌላ ሰው እጁን አንሥቶ ሲቆምለት በልቡ ውስጥ የሚሰማው ነገር አለ። ስሙን ለመጥራት አፍራለሁ። ከዚያ ግን ያ የልጅነት ድምፅ በጆሮዬ መጣ፤ «ሌላ መጽሐፍ የለም?» የሚለው።

ባትሪውን አዙሬ የራሴን ፊት አበራሁና «እኔ ነኝ» አልኩት። ሳቀ። እጆቹ ግን ከሳቁ ዘግይተው ነው የወረዱት። ደረጃውን ከፊት ከፊቱ እያበራሁ አወረድኩት። በማግሥቱ ይቅርታ ስጠይቀው «ምንም አይደል፣ ሥራህ ነው» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ግን በስሜ አይጠራኝም፤ «ሴኞር» ነው የሚለኝ። ያ ጎረቤታችንም ቢጠየቅ «ሥራዬ ነው» ይል እንደነበር ሳስብ እንቅልፍ አጣሁ።

ይህን ታሪክ አብሮኝ ለሚሠራ፣ በአገር ቤት ወታደር ለነበረ አንድ ወዳጄ ነገርኩት። በጣም ተቆጣኝ። «ጠርጥር፣ ከገንፎ መሐል አይጠፋም ስንጥር! አንተ ስታዝንለት እሱ ባያዝንልህስ? በራስህ ፊት ላይ ማብራትህ ደግሞ እብደት ነው» አለኝ። ክርክሩ ቀላል አይደለም፤ እኔም ላቃልለው አልፈልግም። በጨለማ ውስጥ የተደበቀው ሰው በእርግጥ ቢላ የያዘ ሊሆን ይችላል። የማላውቀው ሰው ቢሆን ኖሮ ፊቴን ማብራቴ ቂልነት ነበር። የመጀመሪያው ሰከንድ የጥንቃቄ ነው፤ እሱን ለማንም አልሰጥም።

ነገር ግን ወዳጄ ያላስተዋለው አንድ ነገር አለ። በሰው ፊት ላይ ብርሃን የማብራት መብቴ የመጣው ካለማወቄ ነው። ብርሃኑ ጥያቄ ነው፤ «ማነህ? በእጅህ ምን ይዘሃል?» ማለት ነው። ጥያቄ ደግሞ መልስ ሲያገኝ ያበቃል። መልሱን ካገኘ በኋላ የሚቀጥል ጥያቄ ጥያቄነቱ ቀርቶ ቅጣት ይሆናል። ዘበኛ ደግሞ እንዲጠይቅ እንጂ እንዲቀጣ የሾመው የለም። ስለዚህ ድንበሩ በጥንቃቄና በርኅራኄ መካከል አይደለም፤ ባለማወቅና በማወቅ መካከል ነው። ከድንበሩ ወዲህ ወዳጄ ልክ ነው። ከድንበሩ ወዲያ ግን ጥርጣሬ የሚለው ስም ሌላ ነገር ይሸፍንበታል።

እዚህ ላይ በቤታቸው መሣሪያ ለሚያስቀምጡ ወገኖች አንድ ቃል ልጨምር። ዛሬ በሽጉጥ አፈሙዝ ሥር የሚገጠም ባትሪ አለ። ሁለት እጅን ያሳርፋል ተብሎ ይወደሳል። ነገር ግን በዚህ ባትሪ «ማነህ?» ብሎ መጠየቅ ማለት አፈሙዝ መደገን ማለት ነው። የመሣሪያ አያያዝ የመጀመሪያ ትምህርት ደግሞ ልታጠፋው ባልፈለግኸው ነገር ላይ አፈሙዝ አታዙር፣ ዒላማህንም ሳታውቅ አትተኩስ ይላል። ለዚህ ነው አዋቂ አሠልጣኞች ለመፈለጊያ የሚሆን ሌላ የእጅ ባትሪ ለብቻው ይኑርህ የሚሉት። በዚህ አገር ሌባ መስሎት አምሽቶ የገባ የገዛ ልጁን የተኮሰ አባት ዜና የሰማነው አንድ ጊዜ ብቻ አይደለም። የቸኮለች ጅብ ቀንድ ትነክሳለች ይባላል፤ እዚህ ግን የሚነከሰው ቀንድ አይደለም። ሌሊት ኮሽታ ብትሰማ በመጀመሪያ በቤትህ ያሉትን ቁጠር፣ በስማቸው ጥራ፣ በርህን ዘግተህ ደውል።

እኔ በበኩሌ ከዚያ ሌሊት ወዲህ የያዝኋቸው ልማዶች ጥቂት ናቸው። መግባት የማይገባኝ ቦታ አልገባም። መግባት ካለብኝ ከግድግዳ ከለላ ሆኜ አስቀድሜ ድምፄን አሰማለሁ፤ «ጥበቃ ነኝ፣ ማን አለ?» እላለሁ። ድምፅ በጨለማ ውስጥ የፊት ምትክ ነው። ሰው ካገኘሁ ብርሃኑን ቶሎ ከዓይኑ ላይ አንሥቼ በእጆቹ ላይ አሳርፈዋለሁ። ይህ ትሕትና ብቻ አይደለም፤ ጉዳት የሚመጣው ከእጅ እንጂ ከዓይን አለመሆኑን ሥልጠናውም ያስተምራል። ማንነቱን ካወቅሁ ብርሃኑን ወደ መሬት አወርዳለሁ፤ ስሜንም እነግረዋለሁ። ስም መናገር ከብርሃኑ ጀርባ መውጣት ነው።

አንባቢ ሆይ፣ አንተ ምናልባት የሌሊት ዘበኛ አይደለህም። ቢሆንም በእጅህ ባትሪ የለም አትበል። በማኅበራችን ስብሰባ፣ በዕድሩ፣ በስልክ ወሬ፣ የሌላውን ኑሮ፣ ትዳርና ወረቀት ስንመረምር ብዙዎቻችን ከብርሃኑ ጀርባ ቆመን ነው። ስለ ሰው የምንጠይቀው ለማወቅ ከሆነ ጥሩ፤ ካወቅን በኋላ ለምን እናበራበታለን?

እናቴ ያንን ጎረቤት እስክትሞት ድረስ በስሙ እየጠራች ሰላም ትለው ነበር። ይቅር ብላው እንደሆነ አላውቅም፤ ጠይቄያትም አላውቅ። ያ ጽዳት ሠራተኛ ግን አሁንም «ሴኞር» ይለኛል። እኔም ማታ ማታ በስሙ ጠርቼ «ብዌናስ ኖቼስ» እለዋለሁ፤ አንድ ቀን የእኔንም ስም መልሶ እስኪጠራ።

ቸር እንሰንብት።